ቀዩ እስክሪብቶ በማን እጅ ይሁን?



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች የድርሰት እርማትና የሰዋስው ክለሳ ተማሪው ከሚሸሸው ሥራ ወጥቶ በደስታ የሚሻማበት ሥራ ሊሆን የሚችልበትን መንገድ የሚያሳይ ንግግር እንዲቀርብ ስለ ጋበዙ፣ ይህ ዲስኩር ለዚሁ ጉዳይ ተዘጋጅቷል። በመጀመሪያ እርማት ለምን አሰልቺ እንደ ሆነ ይመረመራል፤ ቀጥሎ በአገሪቱ የቆየ የትምህርትና የሙግት ልማድ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር እንዳለ ይታያል፤ በሦስተኛ ደረጃ በክፍል ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ጨዋታዎች ይቀርባሉ፤ በመጨረሻም ስለ ጥንቃቄና ስለ ማርክ ጥቂት ይባላል። አድማጮች ከሁሉ በላይ እንዲይዙት የሚፈለገው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ የእርማት ደስታ ያለው ስሕተቱን በማግኘት ላይ ስለ ሆነ፣ ስሕተቱን የሚያገኘው ሁልጊዜ መምህሩ ከሆነ ደስታውም የመምህሩ ብቻ ይሆናል፣ ለተማሪው የሚተርፈው ኀፍረቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ ስም ሲጠሩ የሚውሉ ሦስት ሥራዎችን መለየት ይገባል። ድርሰትን ማሻሻል ማለት ሐሳቡን፣ የአንቀጾቹን ቅደም ተከተልና የማስረጃውን ጥንካሬ እንደ ገና መመልከት ነው። እርማት ግን ሐሳቡ ከተደላደለ በኋላ የሚመጣ፣ የፊደል ግድፈትን፣ የሥርዓተ ነጥብ ጉድለትን፣ የባለቤትና የግስ አለመስማማትን ለቅሞ የማውጣት ሥራ ነው። የሰዋስው ክለሳ ደግሞ ቀደም ሲል የተማሩትን ደንብ በተጻፈ ነገር ላይ መልሶ መፈተሽ ነው። ዲስኩሩ የሚናገረው ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ነው፤ ገና ያልተሻሻለን ድርሰት ማረም ግን፣ ነገ የሚሰረዝን አንቀጽ ዛሬ ማስዋብ ስለ ሆነ፣ ከንቱ ድካም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንለፍ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ያለውን አሠራር እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። መምህሩ «ከገጠር ኑሮና ከከተማ ኑሮ የትኛው ይሻላል?» የሚል ርእስ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው በክፍለ ጊዜው ውስጥ ጽፎ ያስረክባል፣ ደብተሩም ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ይመለሳል፤ ተማሪው ከአሥር ስንት እንዳገኘ አይቶ፣ የጎረቤቱንም አጮልቆ አይቶ፣ ደብተሩን ይዘጋል። ከዚያ ሁሉ ቀይ ቀለም ውስጥ የተነበበው አኃዙ ብቻ ነው። አንድ መምህር 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ድርሰት 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሙሉ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አራት ክፍል የሚያስተምር ከሆነ 20 ሰዓት ይሆናል። መምህሩ ይህን ጊዜ ከእንቅልፉና ከቤተሰቡ ቀንሶ የሚከፍል ሲሆን፣ ተማሪው ግን የድካሙን ፍሬ በአንድ ሰከንድ ተመልክቶ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው አሠራር ተማሪን ከማሰልቸቱም በፊት መምህርን ያሰለቸ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ተማሪው ስሕተቱን ራሱ ሊያገኝ አይችልም የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ባያውቅ አይደል የተሳሳተው? ይሁን እንጂ ባለማወቅ የሚሠራ ስሕተትና ባለማስተዋል የሚሠራ ስሕተት አንድ አይደሉም። ሪቻርድ ሃስዌል የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት መምህር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ የተማሪዎቹን ስሕተት ማረሙን ትቶ ስሕተት ባለበት መስመር ዳር ላይ አንዲት ምልክት ብቻ እያደረገ ወረቀቱን እንደሚመልስ፣ ተማሪዎቹም ምልክቷን አይተው ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ራሳቸው ፈልገው እንደሚያርሙ ገልጿል፤ በዚህ ዘዴ ተማሪዎቹ ከስሕተቶቻቸው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያለማንም እርዳታ አስተካክለዋል። የእርሱ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ስለ ነበር ቁጥሩ እንዳለ ወደ ሰባተኛ ክፍል የአማርኛ ትምህርት ይሻገራል ማለት አይቻልም። ነገሩ ግን የታወቀ ነው። «ተማሪዎቹ ወደ ቤቱ ሄደ» ብሎ የጻፈ ልጅ የባለቤትና የግስ ስምምነትን ስለማያውቅ ሳይሆን፣ ዐይኑ በወረቀቱ ላይ ያለውን ትቶ በልቡ ያሰበውን ስለሚያነብ ነው የሳተው፤ ጮክ ብለህ አንብብ ሲባል ጆሮው ወዲያው ይይዘዋል፣ አንዳንዴም አንብቦ ሳይጨርስ ይስቃል። መስመር ዳር ላይ የምትደረገው ምልክት መምህሩን ከአድካሚ ጽሕፈት ታሳርፈዋለች፤ ለተማሪው ደግሞ እንቆቅልሽ ትሰጠዋለች። እንቆቅልሽ በዚህ አገር ልጅ ዘንድ ተጠልቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ቆየው ልማድ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ይገስሳል፣ ማለትም ግሶችን ከነርባታቸው እየዘረዘረ ያጠናል፣ አገባብ ይማራል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰዋስው ለብቻው ተሰቅሎ የሚቀር ዕውቀት አይደለም፣ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ እንዲቆጥርበት ነው። የቆጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፣ በቃሉ ይሰጣል፣ ምጣኔው ከጎደለ ወይም ቤቱ ካልመታ ወይም አገባቡ ከፈረሰ እዚያው ይነገረዋል፣ እዚያው ያቃናል። በዋሸራ፣ በጎንጅም ሆነ በዋድላ ስም የሚታወቁት የቅኔ መንገዶች በአካሄድ ቢለያዩም፣ ሰዋስውና ድርሰት ተለያይተው የማይሰጡ፣ እርማቱም በጆሮና በቃል፣ ጓደኞች እየሰሙ የሚካሄድ መሆኑ የጋራቸው ነው። የዛሬው ክፍል ከዚህ ሊወስደው የሚገባ ነገር ፍጥነቱ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ እርማት የሌላ ሰው ድርሰት እርማት ያህል ባዕድ ነው። አርጩሜውን መውሰድ ግን አያስፈልግም፤ የድሮ ትምህርት ሲወደስ የተገረፈው ልጅ የሚረሳበት ወግ ስላለ ይህን ማስታወሱ አይከፋም።

ከቅኔ ቤት ሌላ የሙግት ልማድም አለ። በቀድሞ ዘመን ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ነገራቸውን በምሳሌና በቤት በሚመታ አነጋገር እያሳመሩ፣ በችሎት ዙሪያ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ይከራከሩ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። ያ ሥርዓት እንደ ሕግ አሠራር አልፏል፤ ክርክርን የመውደድ ጠባይ ግን በሻይ ቤቱም፣ በታክሲውም፣ በተለይም በተማሪው ዘንድ ዛሬም እንዳለ ነው። ወደ ሦስተኛው ነጥብ የሚያደርሰውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ጨዋታዎቹ ናቸው። ከቀላሉ ለመጀመር ያህል፣ የአማርኛ ፊደል ጥብቀትንና ላልቶ መነበብን በምልክት አይለይም፤ ጥብቀት ማለት አንድ ተነባቢ በረገጣ መነገሩ ነው። በመሆኑም «ገና ነው» የሚለው ጽሑፍ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ያበሥራል፣ ላልቶ ሲነበብ ታገሡ ይላል፤ «ሰውየው ሰፊ ነው» የሚለውም እንደ አነባበቡ የትከሻ ስፋት ወይም የልብስ ስፌት ሙያ ይሆናል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን ከየራሳቸው ድርሰት እንዲፈልጉ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው የታሰበውን ትርጉም እንዲገምት፣ ከዚያም ጸሐፊው አሻሚነቱን የሚያጠፋ አንድ ቃል እንዲጨምር ቢደረግ፣ አንባቢ የጸሐፊውን ድምፅ እንደማይሰማ ልጆቹ ያለ ስብከት ይረዳሉ።

ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ነው። «ጫልቱ አልመጣችም ብላ ሄደች» የሚለውን ያለ ምልክት በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ የሄደችው ማን ናት ብሎ መጠየቅ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ከ«ጫልቱ» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ያስገባ ተማሪ ጫልቱን ራሷን ያስኬዳታል፤ «ጫልቱ አልመጣችም» የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ ያጠረ ግን ጫልቱን እንዳልመጣች ያስቀርና ሌላ ሴት ያስኬዳል። የ«የ» ፊደል ቦታም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ «አዲስ የመምህራን ማረፊያ» ሲባል አዲሱ ማረፊያው ነው፣ «የአዲስ መምህራን ማረፊያ» ሲባል አዲሶቹ መምህራኑ ናቸው፣ ነባሮቹም ውጭ ሊቀሩ ነው። በዚህ አዳራሽ ያሉት ነባር መምህራን ልዩነቱን ሳይረዱት አይቀሩም።

ሌላው ጨዋታ የዓረፍተ ነገር ሐራጅ ነው። ሰዋስውን በጨዋታ ማስተማር ላይ በ1984 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው ማሪዮ ሪንቮሉክሪ ካስፋፋቸው ዘዴዎች አንዱ ሲሆን፣ ሐራጅና ጨረታ በማስታወቂያ ሰሌዳና በጋዜጣ ዘወትር ለሚታይበት አገር ማብራሪያ አያሻውም። መምህሩ ከተማሪዎቹ ድርሰቶች አሥር ያህል ዓረፍተ ነገሮችን ያለ ስም ይመርጣል፣ ገሚሶቹ ትክክል ገሚሶቹ የተሳሳቱ ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 1000 የወረቀት ብር ይታደላል፤ ቡድኖቹ ትክክል ነው ብለው ያመኑበትን ዓረፍተ ነገር ለመግዛት ዋጋ ይጨምራሉ። የተሳሳተውን የገዛ ይከስራል፣ ነገር ግን ስሕተቱን ለይቶ ካረመ ከገንዘቡ ገሚሱ ይመለስለታል። «እያንዳንዱ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘዋል» የሚለው ብዙ ጊዜ በውድ ዋጋ ይሸጣል፣ ምክንያቱም «እያንዳንዱ» ነጠላ መጠሪያ እንደሚፈልግ ጆሮ ቶሎ አይነግርም። በአንጻሩ «ጥያቄውን ያልመለሰ ተማሪ የለም» የሚለው፣ ሁለት አሉታ ተደራርቦበት ስለሚያስደነግጥ፣ ትክክል ሆኖ ሳለ ገዢ ያጣል። ከሐራጁ የሚገኘው ትልቅ ጥቅም በቡድኑ ውስጥ በሹክሹክታ የሚካሄደው ክርክር ነው፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት፣ የወረቀትም ቢሆን፣ «ለምን ትክክል ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይነሣልና።

ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው ግን ስሕተትን በችሎት ማቆም ነው። አንድ ቃል ተከሳሽ ይሆናል፤ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ምስክርና ዳኞች ከተማሪዎች ይመረጣሉ። ለምሳሌ «መምህራኖች» የሚለው ቃል ይከሰስ። ዐቃቤ ሕጉ፣ «መምህራን» በግእዝ ደንብ ብዙ ሆኖ ሳለ በላዩ የአማርኛው «ኦች» መደረቡ በብዙ ላይ ብዙ መጫን ነው፣ «ሕፃናቶች»ና «ካህናቶች»ም ግብረ አበሮች ናቸው ብሎ ያመለክታል። ጠበቃው በበኩሉ፣ ተናጋሪው ሕዝብ የግእዙን ብዙ ቁጥር እንደ ብዙ ቁጥር መስማት ካቆመ ቋንቋው በሕያው ደንቡ ቢያባዛው ምን ኃጢአት አለበት፣ ደግሞስ «መምህሮች» የሚለው ንጹሕ አማርኛ ለምን በመድረክ አይሰማም ብሎ ይመልሳል። ምስክር የሚሆኑት መጻሕፍት ናቸው፤ የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ሰዋስው፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም የባዬ ይማም የአማርኛ ሰዋስው ወደ ክፍሉ ይመጣሉ፣ ተማሪውም መዝገበ ቃላትን ለፈተና ሳይሆን ሙግት ለመርታት ይገልጣል። ዳኞቹ ቃሉ በመደበኛ ጽሑፍ ይታረም፣ በንግግር ግን ይታለፍ ብለው ቢፈርዱ፣ ይህ ፍርድ ብዙ የቋንቋ ባለሙያዎች በስንት ገጽ ከሚደርሱበት ድምዳሜ እምብዛም የራቀ አይደለም።

የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይም ለችሎት እንደ ተፈጠረ ነው። ሞክሼ የሚባሉት በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው በመልክ የሚለያዩት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ናቸው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ እንደ ፀሐይ ያለ ነገር ብቅ አለ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው። ከሳሹ ልዩነቱ ይጠበቅ ሲል እነዚህን ያቀርባል። ተከላካዩ ደግሞ የዛሬው አንባቢ ሌባውንና ፀሐይዋን ከአውዱ እንደሚለይ፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በርእሱ ላይ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ «ዐ» ሲጽፍ የዋና ከተማዋ ስም በየታፔላው በአልፋው «አ» እንደሚጻፍ፣ በዚህም ማንም መንገድ ጠፍቶት እንደማያውቅ ይናገራል። ክርክሩ በሊቃውንት መካከል እልባት ያላገኘ ስለ ሆነ፣ መምህሩ የመጨረሻውን ቃል ለመስጠት ባይቸኩል ይመረጣል። ተማሪው ሊይዘው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የትኛውንም ይምረጥ፣ በመጀመሪያው ገጽ «ዓመት» ብሎ የጻፈ በሦስተኛው ገጽ «አመት» ማለት የለበትም። ወጥነት የሚባለው ይህ ነው፣ እርማትም በአብዛኛው ወጥነትን መጠበቅ ነው።

ከክፍል ውጭ ለሚሠራ ደግሞ የመንገድ ታፔላ፣ የሱቅ ማስታወቂያና በታክሲ ውስጥ የሚለጠፉ ጥቅሶች የማይነጥፉ ምንጮች ናቸው። ተማሪዎች ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ያዩትን ግድፈት በደብተራቸው ገልብጠው፣ አጠገቡ አርመው እንዲያመጡ ማድረግ ይቻላል። ባለሱቁን ሄዶ ማሳፈር ግን የጨዋታው ክፍል አይደለም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ጥንቃቄ ነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ስም አለመጥራት ሲሆን፣ በተለይ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው በሆነ ተማሪ ላይ ሣቅ እንዳይወርድ መጠበቅ ግዴታ ነው። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሶማልኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ ድርሰቱ ላይ የሚያሳየው ስሕተት ብዙ ጊዜ የራሱን ቋንቋ ደንብ በታማኝነት የተከተለበት ስለ ሆነ፣ «በቋንቋችሁ ይህ እንዴት ይባላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ያ ልጅ ለዚያች ሰዓት የክፍሉ አስተማሪ ይሆናል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ጨዋታው ሁልጊዜ ወደ ድርሰቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሐራጁ አልቆ ደወል ከተደወለ ተማሪው የተደሰተው በገበያው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች እያንዳንዱ የራሱን ረቂቅ ከፍቶ፣ ዕለቱን የተነሣውን ዓይነት ስሕተት ብቻ የሚፈልግባቸው መሆን አለባቸው። ሁሉንም ዓይነት በአንድ ጊዜ እንዲፈልግ የታዘዘ ልጅ አንዱንም አያገኝም። ሲፈልግም ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ወደ ኋላ ቢያነብ፣ የሐሳቡ ጅረት ስለማይወስደው፣ ዐይኑ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ያርፋል።

ስለ ማርክ የሚባለው አጭር ነው። ለተሠራ ስሕተት የሚቀነስ ማርክ ተማሪው የሚያውቃቸውን ቀላል ቃላት ብቻ እየመረጠ፣ አጭር አጭር እየጻፈ እንዲያመልጥ ያስተምረዋል። ለተገኘና ለታረመ ስሕተት የሚጨመር ማርክ ግን ተማሪውን ወደ ገዛ ጽሑፉ ይመልሰዋል። ከአሥሩ ማርክ ሦስቱን ለእርማት መለየት፣ የመጀመሪያውን ረቂቅና የታረመውን አያይዞ ማስረከብን ደንብ ማድረግ፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠየቅ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጀመር የሚችል ነው። መምህሩም የአራቱን ክፍል ድርሰቶች ሲመለከት ዳር ዳሩን ምልክት ብቻ እያደረገ ስለሚያልፍ፣ ከ20 ሰዓቱ ጥቂት የማይባለው ይመለስለታል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አዘጋጆቹ በየረድፉ ያደሏቸው ወረቀቶች በእጃችሁ ይገኛሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች የተጻፉ ሲሆን፣ ስንቶቹ ትክክል እንደ ሆኑ አልተገለጸም። በቀኝ በኩል የተቀመጣችሁ አንድ ቡድን፣ በግራ በኩል ያላችሁ ሌላ ቡድን ናችሁ፤ ለየቡድኑ 1000 ብር ተመድቧል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መነሻ ዋጋ 50 ብር ነው።